ሲክስተን ለቤቱ የሰጠው ፊደልና ቁጥር

ጉንቮር ልትፈታው የተነሳችው ችግር በአንድ መስመር ያልቃል፦ ባሏ ሲክስተን በየማለዳው በባሕሩ በኩል ወዳለው መስኮት እየጠቆመ «ኤስ-ሆ አንድ» ይላታል፤ ምን ፈልጎ ነው?

ሲክስተን መስከረም ላይ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ከእነሱ ጋር ቃላቱም ሄዱ። «ዳቦ» ማለት አቃተው። «ውሃ» ማለት አቃተው። የሚስቱን ስም እንኳ አፉ ጫፍ ድረስ ያመጣና ይተወዋል። የቀሩለት በሶደርሃምን የአየር ኃይል ምድብ በመካኒክነት ሲሠራ ዕድሜ ልኩን ሲጠራቸው የኖረው የአውሮፕላን መለያዎች ብቻ ናቸው፤ ፊደልና ቁጥር፣ ፊደልና ቁጥር። ምድቡ ከተዘጋ ቆይቷል። አውሮፕላኖቹም ገሚሶቹ ቆርቆሮ ሆነዋል፣ ገሚሶቹ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። ፊደሎቻቸው ግን እሱ አፍ ውስጥ አሉ።

ሐኪሙ ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ነገራት። አንዳንዱ በሽተኛ መቁጠር ብቻ ይቀርለታል፣ አንዳንዱ መሳደብ ብቻ፣ አንዳንዱ መዝሙር ብቻ። ከልማድ የሚወጣ ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ትርጉም ባትጠብቅበት ይሻላል። የንግግር ባለሙያዋ ቲልዳ ደግሞ ጉንቮርን ዕረፍት የነሳ ሌላ ነገር ጨመረችበት።

«ንግግር የሚመለሰው ለሚሞክር ሰው ነው» አለቻት። «ደጋግሞ ተናግሮ የሚገባው ሰው ያጣ ግን አንድ ቀን አፉን ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ማስከፈት በጣም ከባድ ነው።»

ስለዚህ ጉንቮር የፈራችው ሲክስተን መናገር አለመቻሉን አልነበረም። የፈራችው መሞከር እንዳያቆም ነው።

ችግሩ፣ ስለ አውሮፕላን የምታውቀው ጩኸታቸውን ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ የክር ሱቅ ነበራት፤ የስንቱን በግ ሱፍ በጣቷ ዳስሳ ትለያለች። አውሮፕላን ግን ከቤቷ በአዋጅ የታገደ ነው። ገና እንደተጋቡ «አውሮፕላንህን ከጫማህ ጋር በር ላይ አውልቅ» ብላዋለች፤ እሱም ስቆ ተስማምቷል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ፊደል ደፉን አልፋ አታውቅም። አሁን ሁሉም ተያይዘው ገቡ።

መጀመሪያ የገባው «ቴፔ አሥራ አንድ» ነው። ሲክስተን ይህን ሲል የቡናውን ፔርሙስ እያየ ነበር። አቀበለችው፤ ልክ ነበረች። ቀጥሎ ከማዘጋጃ ቤት እየመጣች ገላውን የምታጥበው ረዳት በሩን ስታንኳኳ ፊቱ በራና «ሆኮፔ!» አለ። ጉንቮር ተስፋ አደረገች። ይህ ሰውዬ የሚያወራ ይመስላል አለች ለራሷ። ልጃቸው ማሊን ግን ከጎተንበርግ ስትደውል ነገሩን ቀዝቀዝ አደረገችው።

«እማዬ፣ ዝም ብሎ የመጣለትን ነው የሚለው። ራስሽን አታድክሚ።»

«ፔርሙሱንስ?»

«አንቺ እኮ ቡና ሰዓት ላይ ድንጋይ ቢልሽም ፔርሙስ ነው የምታቀብይው።»

ይባስ ብሎ የበርጩማው ጉዳይ መጣ።

አንድ ሰኞ ሲክስተን የወጥ ቤቱን አሮጌ በርጩማ በግራ እጁ መታ መታ አድርጎ «ቴፔ ሁለት» አለ። ጥሩ፤ ጉንቮር ያዘችው። ሐሙስ ዕለት ያንኑ በርጩማ እንዲሁ መታ መታ አድርጎ «ኤስኮ ሁለት» አላት።

«አይ ሲክስተን! ሰኞ እኮ ቴፔ ብለኸዋል።»

በርጩማውን አየ፤ እሷን አየ። «ኤስኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ቴፔ! አንዱን ያዝ እንጂ፣ የኔ ጌታ። እንዲህ ካደበላለቅከው እንዴት ልረዳህ?»

የረዳችው መስሏት ነበር። ሲክስተን ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ያን ቀን ሌላ ነገር አልተናገረም። በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም። ፔርሙሱን ሲፈልግ ዝም ብሎ በጣቱ ይጠቁማል። የማለዳዋ «ኤስ-ሆ አንድ» ብቻ ቀረች፤ እሷም እየቀጠነች ሄደች። መጋቢት ውስጥ፣ በረዶው ከባሕሩ ዳርቻ መሰነጣጠቅ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ሲክስተን መስኮቱን በጣቱ ጠቆመና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እጁን ጭኑ ላይ መለሰ።

በዚያው ቀን ነው ቱሬ የመጣው። ቱሬ ከሲክስተን ጋር አውሮፕላን በሚጠገንበት አንድ ሃንጋር ውስጥ የሠራ፣ ድምፁ አሁንም ከሞተር በላይ ለመሰማት የሚታገል፣ ግዙፍ ሽማግሌ ነው። ራሱ ያጨሰውን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ገባ።

«ምነው ፊትሽ? ዓሣዬ ሸተተሽ?»

«ግባ፣ በሩን ዝጋ። ኧረ እሱ ላይ አትቀመጥ! ሌላ ወንበር ሳብ።»

«በርጩማው ምን አደረገ?»

«ስም በዛበት» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሰኞን፣ ሐሙስን፣ ዝምታውን። ሲክስተን ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ቱሬ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ያልጠበቀችውን ጠየቃት።

«ሰኞ በርጩማው ምን ይሠራ ነበር?»

«በርጩማ ምን ይሠራል? ይቀመጡበታል!»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ ጉንቮር። ሰኞ ዕለት ምን ላይ ነበር?»

አሰበች። ሰኞ ዕለት ሲክስተን ኩባያዎቹን በርጩማው ላይ ደርድሮ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው በደህና እግሩ እየገፋ አምጥቷቸዋል። አንድም አልሰበረም።

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ያቺ የእግር ልምምድ የምታሠራው መጥታ ነበር። በርጩማውን ይዞ መቆም ሲለማመድ ዋለ።»

ቱሬ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ዓሣው ዘለለ። «ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? ቴፔ ማጓጓዣ ነው! ኤስኮ ማሰልጠኛ ነው! ሰውየው እንዲህ አሳምሮ እየነገረሽ አንቺ ትቆጪዋለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሥሩ ሲያዩት ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው። ጋዜጣና ሕዝብ አውሮፕላኖቹን በቅጽል ስም ያውቃቸዋል፤ አንዱ በርሜል፣ አንዱ ጦር። ሃንጋር ውስጥ ያለ ሰው ግን በቁጥርና በአገሩ ቋንቋ የሥራቸው ስም በሚጀምርበት ፊደል ነው የሚጠራቸው። ፊደሉ የሚነግርህ ማሽኑ ምን እንደሚመስል ወይም ማን እንደሠራው አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ ነው። የጠላት አውሮፕላን አደን የሚወጣው ዪ ነው። የሚያጠቃው አ ነው። ሊቃኝ የሚሄደው ኤስ፣ ተማሪ የሚጭነው ኤስኮ፣ ዕቃ የሚያመላልሰው ቴፔ። ከችግር ሊያወጣህ ከላይ የሚወርደው ሄሊኮፕተር ደግሞ ሆኮፔ። ያው ማሽን ሥራው ከተለወጠ ፊደሉ ይለወጣል፤ ቁጥሩ ግን ከእሱ ጋር ይኖራል። ሥራው ሁለት ከሆነም ፊደሎቹ ሁለት ይሆናሉ፤ ቀድሞ የሚጻፈው ዋናው ሥራ ነው።

ቱሬ ይህን ለማስረዳት ከደረቁ ዳቦ አንድ ቁራጭ ብድግ አደረገ። «ይኸው ሠላሳ ሰባት ቁጥር አውሮፕላን። ማጥቃት ዋና ሥራው፣ አደን ትርፍ ሥራው ሲሆን አ-ዪ ሠላሳ ሰባት ትይዋለሽ። ገልብጠሽ ዪ-አ ሠላሳ ሰባት ካልሽው አደኑ ዋና ሆነ ማለት ነው። ዳቦው ያው ዳቦ ነው።» አለና ዋጠው። «አሁን ደግሞ ቴፔ ነው።»

ጉንቮር ወደ ሲክስተን ዞረች። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን ይስቅ ነበር። በግራ እጁ በርጩማውን ነካ፣ «ቴፔ» አላት። እንደገና ነካው፣ «ኤስኮ» አላት። እየተከታተለችው እንደሆነ ለማረጋገጥ ቅንድቡን አነሳ።

«ገባኝ፣ የኔ ፍቅር» አለችው። «አሁን ገባኝ። ያደበላለቅኩት እኔ ነኝ።»

ጉንቮር አንድ ነገር ከገባት እስከ ጫፉ ካልሄደች አትቀመጥም። «ቁጥሩስ?» አለች። «በርጩማው ሁል ጊዜ ሁለት ነው፣ ፔርሙሱ ሁል ጊዜ አሥራ አንድ። ከየት ያመጣዋል?»

«ቁጥሩ ተራ ነው። ቀድሞ አገልግሎት የገባ ትንሽ ቁጥር ይይዛል፣ በኋላ የመጣ ትልቅ።» ቱሬ ቆም አለና ሳቁ መጣበት። «አልነገረሽም እንዴ? ሃንጋር ውስጥ እኮ ሁሌ ቤታችሁን ነበር የሚያወራው! እኔ የተቀጠርኩ ሰሞን አንድ ቀን እየተፍለቀለቀ መጣና ‹አምስት ቁጥር አገልግሎት ገባ› አለን። አዲስ አውሮፕላን መሰለን። ለካ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቷል!»

ጉንቮር አፏን በእጇ ያዘች። አውሮፕላኖቹን ከበር መልሳቸዋለች፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ዘመን ቤቱን ተሸክሞ ሃንጋር ሲገባ ኖሯል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የቀረውም ዋናው ነው።

«ኤስ-ሆስ ምንድን ነው?»

«ኤስ ቃኚ ነው አልኩሽ። ሆ ሲከተለው ባሕር ማለት ነው። የባሕር ቃኚ።»

«ባሕርማ መሆኑን ገምቼ ነበር!» ጉንቮር ተቆጣች። «ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዞርኩለት፤ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። አቅራቢ መነጽሩን ሰጠሁት፤ አስቀመጠው። ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጀልባ ቤቱ ድረስ ወሰድነው፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ተቆጣኝ። ከዚህ በላይ ምን ባሕር ላምጣለት?»

«ባሕሩን አይደለም የሚልሽ። ባሕር ብቻውን ምን ፊደል አለው? እኛ ጋ አልተቀጠረም። ፊደሉ የሚሰጠው ለሚሄደው ነው፤ ባሕሩን ሊያይ ወጥቶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ለሚናገረው። የሚሄደው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ቁጥሩን ንገሪኛ።»

«አንድ። ሁል ጊዜ አንድ።»

«በርጩማው ሁለት ከሆነ አንድ ምን ነበር?»

ጉንቮር ወጥ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። የግድግዳው ሰዓት ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ከበርጩማው ብዙ በኋላ መጣ። ጠረጴዛው የመጣው ይህን ቤት ሲገዙ ነው። በርጩማው የመጀመሪያው ዕቃቸው ነበር፤ ኪራይ ቤት ገብተው ሁለቱም ወለል ላይ ተቀምጠው እራት ከበሉ በኋላ በማግሥቱ የገዙት።

«ከዚያ በፊት ምንም አልነበረንም» አለች። «ባዶ ክፍል ነው። እሱ አለ፣ እኔ…»

ሲክስተን ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀሰረና ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አዞረው።

«ኤስ-ሆ አንድ» አለ።

ጉንቮር ሲክስተን እስኪታመም ድረስ በየማለዳው ወደ ባሕሩ ትወርድ ነበር። በበጋ ትዋኛለች፣ በክረምት የበረዶውን ጠርዝ ይዛ ትሄዳለች። ጉንጯ ቀልቶ ስትመለስ እሱ ገንፎውን እያማሰለ ይጠብቃታል። ቁርሱ እስኪያልቅ ያየችውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ የማን ጀልባ እንደወጣ፣ የትኞቹ ዳክዬዎች እንደመጡ፣ ውሃው ምን እንደሚመስል። ከመስከረም ወዲህ ግን ለብቻዋ አንድም ቀን አልወረደችም። ብወጣ ይወድቅብኛል ብላ ፈራች። እሱ ደግሞ በየማለዳው በመስኮቱ ማንም የማይሄድበትን የእግር መንገድ ሲያይ ከረመ። ለራሱ የሚለምነው ነገር አልነበረም። ሥራሽ ላይ ሂጂ ነው የሚላት።

«ብትወድቅስ?» አለችው።

«እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለ ቱሬ። «እኔና እሱ ዓሣውን እንጨርሳለን። ኮፍያሽን አድርጊና ውጪ!»

ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ወርዳ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሲክስተን ፊት ቁጭ ብላ ነገረችው። በረዶው እስከ ትንሿ ደሴት ድረስ ተከፍቷል። ዳክዬዎቹ መጥተዋል፤ ወንዶቹ ነጭ ለብሰው እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳሉ። ጎረቤቶቹ ጀልባቸውን ገልብጠው ቀለም ሊቀቡ ነው። ሲክስተን ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም። ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ዪ?»

አደን የሚወጣ። ጉንቮር ግራ ገብቷት ቱሬን አየችው፤ ቱሬ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ በራላት። ዳክዬዎቹ ሲመጡ ተከትሏቸው የሚመጣው ትልቁ የባሕር ንስር!

«አላየሁትም» አለች።

ሲክስተን ተነፈሰና በግራ እጁ አየሩን አባረረ። ነገ ደህና አድርገሽ እይ ማለቱ እንደሆነ ማንም ሳያስተረጉምላት ገባት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጫጫታ በጫጫታ ሆነ። ጉንቮር እየሞከረች፣ እየተሳሳተች፣ እንደገና እየሞከረች ሁሉንም ለመደችው። ድመታቸው ሶቲስ ሠላሳ ቁጥር ነው። መስኮት ላይ ተቀምጦ ወፍ ሲያይ ኤስ ሠላሳ፣ አይጥ ፍለጋ ምድር ቤት ሲወርድ ዪ ሠላሳ። ከእርጅናው የተነሳ ወርዶ ባዶ አፉን ሲመለስ ሲክስተን ሁለቱን ፊደሎች አጣምሮ ኤስ-ዪ ይለዋል፤ ዋና ሥራው ማየት ብቻ ነው ለማለት። ማዘጋጃ ቤት የላካት ረዳት ከሁሉም በኋላ ስለመጣች ሆኮፔ ሠላሳ አንድ ነች፤ ከችግር አውጪ መሆኗን ስትሰማ ለጓደኞቿ ሁሉ አወራችው። ቲልዳ አንድ ሙሉ ጠዋት አብራቸው ተቀምጣ ስትሰማ ዋለች። ስትወጣ በር ላይ ጉንቮርን አቀፈቻት። «ይሄ ልማድ አይደለም። ይሄ ሰው ያወራል» አለቻት።

ማሊን ስትደውል ሲክስተን ራሱ ስልኩን ይዞ «ኤስኮ ስድስት!» አላት።

«ምን አለ? እማዬ፣ ምን አለኝ?»

«ኤስኮ ማሰልጠኛ ነው። አስተማሪ አይደለሽ?»

በስልኩ የመጣው ድምፅ ማልቀስም መሳቅም ነበር። «አባዬ… ስድስትስ ለምን?»

«ተራሽ ነው» አለች ጉንቮር።

«አምስት ማነው ታዲያ?»

«የልብስ ማጠቢያው ማሽን።»

«ከማሽን በኋላ ነኝ?!»

«አንቺ ልትመጪ ነው ብለን እኮ ነው የገዛነው። ዳይፐርሽን በእጄ ላጥብ ኖሯል?»

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም በግንቦት ውስጥ ረዳቷ የሲክስተንን ካልሲ ስታወልቅ ተረከዙ ላይ ቁስል አገኘች። ዊልቸሩ ሲፈገፍገው የቆየ ቁስል ነው፤ ሳያመው አልቀረም። ስለ ንስሩ ይጠይቃል፣ ስለ ድመቱ ይቀልዳል፣ ፔርሙሱ ባዶ መሆኑን ይናገራል። «አመመኝ» የሚልበት መንገድ ግን የለውም፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ፊደል ያልተሰጠው ብቸኛ ነገር እሱ ራሱ ነው።

ጉንቮር ቱሬን ጠየቀችው። «መካኒክ ምን ፊደል ነበረው?»

«እኛ? ፊደል ለሚበረው ነው። እኛን ማን ፊደል ሰጥቶን።»

«እንግዲያው እኔ እሰጠዋለሁ።»

«ኤም በይው፣ መካኒክ አይደል። ኤም ካልሆነ አንድ ቅርጫት ዓሣ አመጣልሻለሁ።»

«ኤም የድሮ ሥራው ነው። ሥራው ከተለወጠ ፊደሉ ይለወጣል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ቱሬ ሳቀ።

ጉንቮር አሁን የያዘችው ይህንን ነው። በየቀኑ ከባሕሩ ስትመለስ፣ ያየችውን ነግራው ስታበቃ፣ አንድ ፊደል ትሞክርለታለች። ብዙ አስተምሯታልና «ኤስኮ?» ብላው ነበር፤ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኩባያ ያመላልሳልና «ቴፔ?» አለችው፤ በርጩማውን ጠቆማት፣ ቦታው ተይዟል። «ዪ?» ስትለው ገንፎው እስኪያንቀው ሳቀ። ቲልዳ ነገሩን ስትሰማ አንድ ምክር ሰጠቻት። ፊደሉን አታቀብይው፤ ጠይቂውና ጠብቂ።

ለጉንቮር ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዐረፍተ ነገር ስትጨርስ የኖረች ሴት ነች፤ ደንበኛ ሱቋ ገብቶ «አንድ ቀይ…» ሲል ክሩን ጠቅልላ ትጨርስ ነበር። ሆኖም እየሞከረች ነው። ዛሬም ንስሩን ማየቷን ከነገረችው በኋላ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«አንተስ፣ ሲክስተን?» አለችው። «አሁን ሥራህ ምንድን ነው?»

ከዚያ እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ከንፈሯን ገጠመች። ሲክስተን አያት። ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፤ ከጉሮሮው የሚመጣው ድምፅ እስካሁን ከምታውቃቸው ፊደሎች ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም። ጉንቮር ምን ሊሆን እንደሚችል ሦስት አራት ግምት ምላሷ ላይ መጥቶባታል። ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች።